ጭንቅላት ሁሉ ይናበባል ልበል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ለማስተርስ ጥናቴ ዓይናቸውን ከጨፈኑ ሰዎች ራስ ቆዳ ላይ በተለጠፈ 19 ኤሌክትሮድ የተቀዳ ኢኢጂ (የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ) አለኝ። ኤሌክትሮዶቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ፒኤልቪ (ሁለት ሞገዶች ምን ያህል ተናበው እንደሚሄዱ የሚለካ ቁጥር) ስሠራ ሁሉም ከ0.9 በላይ ወጣብኝ። ጭንቅላት ሁሉ ይናበባል ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ቆዪ እህቴ፣ ገና አትጻፊው።

ልጅ ሆኜ ዳንግላ ማኅሌት ሲቆም ማየት እወድ ነበር። ሽማግሌው መሪጌታ መቋሚያቸውን እምብዛም አያነሱም። ጎረምሳው ደግሞ እስከ ትከሻው ያወዛውዘዋል። ዘንበል ቀና የሚሉት ግን እኩል ነው። በሞገድ ቋንቋ ፌዝ (phase) የሚባለው ይኸው ነው፤ የውዝዋዜው ትልቅነት ሳይሆን ከዙሩ የት እንደደረሰ። ፒኤልቪ የሚለካው በሁለቱ ኤሌክትሮዶች ሞገድ መካከል ያለው የፌዝ ልዩነት ምን ያህል እንደጸና ነው። ከጸና 1፣ እንዳመጣለት ከሆነ ወደ 0 ይጠጋል። አንዱ ቢዘገይም ግድ የለም፤ መዘግየቱ ሁሌ ያው ይሁን እንጂ።

ወደ ቁጥርሽ ልምጣ። የደብሩ ደወል ሲመታ አንቺና ጎረቤትሽ እኩል ብትነሱ፣ ተቀሳቅሳችሁ ነው አይባልም። ኤሌክትሮዶችሽም እንደዚያው ናቸው። ሁሉም የሚለኩት ከአንድ ሪፈረንስ (የጋራ ማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ) አንጻር ከሆነ፣ እሱ ላይ የገባ ጫጫታ ሁሉም ላይ ይገባል። እኔ ራሴ ሪፈረንሴ የነበረው የጆሮው ኤሌክትሮድ መላቀቁን ሳላይ በውጤቴ ሁለት ሳምንት ስኩራራ ከርሜያለሁ! በዚያ ላይ ከአንድ ምንጭ የሚነሳው ኤሌክትሪክ በራስ ቅልና በቆዳ ተበትኖ ብዙ ኤሌክትሮድ ላይ በአንዴ ይታያል።

ስለዚህ ሪፈረንሱን ቀይረሽ ድገሚው። አልፋ የሚባለውን የሞገድ ክልል፣ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ (ዙር በሰከንድ)፣ ለይተሽ ማጣራትሽንም እዪ። ሁሉ በተደባለቀበት ሲግናል ላይ ፌዝ ትርጉም የለውም። ከዚያ ስታምና ባልደረቦቹ በ2007 ያወጡትን የፌዝ መዘግየት ኢንዴክስ ሞክሪ። ያለ ምንም መዘግየት እኩል የሚመጣውን አይቆጥርም። እርግጥ እውነተኛውንም አንዳንዴ አብሮ ይጥላል፤ እኔ ግን ከሐሰተኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ሌላ ፈተና፦ የአንዱን ሰው ሲግናል ከሌላው ሰው ጋር አጣምረሽ ለኪ። በማይተዋወቁ ሰዎች መካከልም ቁጥሩ ከፍ ካለ ቅጂውን ከፋፍለሽ የምትለኪባቸው ቁራጮች አጭር ናቸው ማለት ይሆናል። በ1 ሰከንድ ውስጥ 10 ኸርዝ 10 ዙር ብቻ ነው የሚዞረው፤ በዚያች ጊዜ ማንም ከማንም የተናበበ ይመስላል። ለመሆኑ ያንቺ ቁራጭ ስንት ሰከንድ ነው? እሱን አልነገርሽኝም።