ቮልሱን ከመግዛትህ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሳ

ሰላም ወንድሜ። ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ የ1968 (በፈረንጅ) ቮልስ አግኝተሃል። የሚሸጡልህ የሞተው ባለመኪና ልጆች ናቸው። ሞተሩ አይነሳም። «ገዝቼ ላድሰው ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ጥያቄህ። እኔም እንዲሁ የቆመ ቮልስ ገዝቼ አድሻለሁ። ዛሬ እሁድ እሁድ እነዳዋለሁ። ግን ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀብቼዋለሁ።

ሞተሩ አልነሳ ማለቱ ብዙም አያስጨንቅህ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የለው፣ ውሃ የለው። አራት ቡሎን ፈትተህ በክሪክ ታወርደዋለህ። ስታየው አንድ ነገር ብቻ ሞክር። ከኋላ ሞተሩ ላይ ታችኛውን ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት) ጨብጠህ ወደ ራስህ ሳብ፣ መልሰህ ግፋ። ቀጭ ቀጭ ካለ ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማቀፊያ) አልቋል። እሱን ይዘህ ዋጋ አስቀንስ።

ጉዱ ያለው ላሜራው ላይ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው የኋላ ወንበር ሥር ነው። አሲዱ በዓመታት ውስጥ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል። ወንበሩን አንሳና ወለሉን በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርገው። ከዚያ ተንበርክከህ ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደውን ባዶ ሳጥን እይ። የማሞቂያው አየር የሚያልፈው በዚያ ነው። የመኪናውንም አካል ከወለሉ ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። እሱ ከበሰበሰ በሩ ይወርዳል፤ ሲዘጋም እያነሳህ ነው። ትንሽ ማግኔትም ያዝ። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለትም ቀዳዳ የተደፈነበት ልጥፍ ነው።

እኔ ይህን ማን ነግሮኝ! እንደገዛሁት በቀጥታ ቀለም ቤት ወሰድኩት። ክሬም አስቀባሁት፣ አማረብኝ፣ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ፎቶ ተነሣበት። ክረምት ሲገባ እግሬ ሥር ምንጣፉ ረጠበ። ገልጬ ባየው አስፋልቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባቲላሜራው (የመኪና አካል ጠጋኙ) ወለሉን ሲቆርጥና ሲበይድ አዲሱ ቀለም በእሳቱ አረፋ አወጣ። ገንዘቤን ውሃ በላው። ስለዚህ መጀመሪያ ላሜራ፣ ቀጥሎ ፍሬንና ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ሞተር፤ ቀለም የመጨረሻ መጨረሻ ነው።

ሞተሩን ለማስነሳት ከመሞከርህ በፊት ደግሞ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች በሙሉ ቀይር። ያረጀ ቱቦ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ቮልስ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። አምፖሎቹ ላይ የተጻፈውን ቮልትም አንብብ። በዚያ ዘመን ባለ 6 ቮልትም ባለ 12ም ይመረት ነበር፤ ባለ 6ቱ ላይ ባለ 12 ባትሪ ብታስገባ አምፖሎቹን ታቃጥላለህ።

ዕቃው ብዙም አያሳስብም። ብራዚል እስከ 1996፣ ሜክሲኮ እስከ 2003 (በፈረንጅ) ድረስ ሲሠሩት ስለነበር ዛሬም መለዋወጫው አለ። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄደህ ሽማግሌዎቹን ነጋዴዎች ጠይቅ። ወጣቶቹ «ቮልስ?» ብለው ይስቁብሃል። አሮጌውን ዕቃ ግን ይዘህ ሂድ፣ በቃል ብቻ ከጠየቅክ የሚሰጡህ የማይገጥም ነው። እኔ ለእድሳቱ የመኪናውን ዋጋ እጥፍ አወጣሁ። «ስድስት ወር» ያልኩት ሥራም ሁለት ዓመት ፈጀ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሊብሬ! ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ከሌላቸው ቀብድ እንዳትሰጥ። ሻንሲ ቁጥሩን እዚያው የኋላ ወንበር ሥር፣ መሀል ላይ ከፍ ባለው ብረት ላይ ታገኘዋለህ። የሞተሩ ቁጥር ከጄኔሬተሩ በታች ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አመሳክር። የእኔ ሞተር በፊት ተቀይሮ ኖሮ ቁጥሩ አልገጠመም፤ ስም ለማዛወር አራት ወር ተመላለስኩ።

ልታየው ስትሄድ ወንበሩን አንስተህ ወለሉን ፎቶ አንሳውና እዚሁ ለጥፈው። እሱን ሳላይ ግዛም አትግዛም አልልህም።