ውሻዬ መካን ሆኖ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። 4 ዓመት የሞላው ጀርመን ሸፐርድ አለኝ። ከሁለት ሴት ውሾች ጋር ተሳርሮ አንዳቸውም አላረገዙም። ጓደኛዬ «የወንድ ሆርሞን ውጋው» ብሎኝ ገዝቼ አንዴ ወግቼዋለሁ። ልድገመው? ቤተሰቤ «መካን ከሆነ ምን ያደርግልናል፣ ለሰው ይሰጥ» እያለ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሻውን ለማንም አይስጡ። በሁለት ስሪያ ብቻ መካን ነው አይባልም። ቢሆንም እንኳ ግቢዎን ከመጠበቅ፣ እርስዎን ከመውደድ አያግደውም።

መርፌውን ግን እንዳይደግሙት! «ወንድነቱን ያጠነክራል» የሚባለው ፍጹም ውሸት ነው። ቆለጥ ዘር የሚያመርተው ከአንጎል በሚመጣ ትእዛዝ ነው። ሆርሞኑ በመርፌ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። ውሻው ሴት ላይ ለመውጣት ይጓጓ ይሆናል፤ ዘሩ ግን ይመናመናል። ፕሮስቴቱም (ከፊኛ ስር ያለው የወንድ እጢ) ሊያብጥ ይችላል። ደህና የነበረውን ውሻ እርስዎ አድክመውት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ምርመራውንም አበላሽተዋል። ዛሬ ዘሩን በማይክሮስኮፕ ብናየው ችግሩ የቆየ ይሁን የመርፌው መለየት አንችልም። አዲስ ዘር ተመርቶ እስኪበስል 2 ወር ያልፈዋል፤ ስለዚህ ለዘር ምርመራው ቢያንስ 3 ወር ይታገሱ። ሐኪም ሳይጠይቁ መውጋት ምን የሚሉት ነው?

እስከዚያ ስለ ሴቶቹ ያጣሩ። ከሌላ ወንድ ወልደው ያውቃሉ? በስንተኛው ቀን ነው የተገናኙት? ብዙ ሰው ደም እንዳየ ሴቷን ያመጣና በማግስቱ ይወስዳታል። አብዛኞቹ የሚፀንሱት መድማት ከጀመሩ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ የሚዘገዩም አሉ። ወደፊት ሲያገናኟቸው በየሁለት ቀኑ፣ ወንዱን እስክትከለክል ድረስ ይገናኙ። በእኔ ግምት የእርስዎም ነገር እዚሁ ላይ ነው።

የድሬ ሙቀትም ዘር ይጎዳል። ቆርቆሮ ስር ታስሮ የሚውል ከሆነ ጥላና ውሃ ያዘጋጁለት።

የብሩሴላ የደም ምርመራ ግን 3 ወር አይጠብቅም። ይህ በሽታ በስሪያ ይተላለፋል፣ ሴቷን ያስወርዳል፣ ሰውም ይይዛል። ውጤቱ እስኪታወቅ ከማንም ጋር አያገናኙት። ከተማ ውስጥ ምርመራውን ካጡ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሩቅ አይደለም፤ ይጠይቁ።

ቆለጡ ካበጠ፣ ሲነኩት ካመመው ወይም ደም ከሸና ግን ቀጠሮ አያስፈልገውም። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።