ኮንትሮለር ከመግዛትዎ በፊት ቴሌቪዥንዎን ይፈትሹ

ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። ቪቪቪቪቪቪ በተባለው ጌም ውስጥ ከአጭሯ ግድግዳ ማዶ ያለችውን ጌጥ ለማንሳት አራት ቀን ሙሉ መታገልዎን ገልጸው፣ «ቁልፉን በጊዜው እየተጫንሁ ዘግይቶ ይገለበጣል፤ አዲስ ኮንትሮለር ልግዛ ወይስ ዕድሜዬ አልፏልና ልተወው?» ብለዋል። ሁለቱንም እንዳያደርጉ እለምንዎታለሁ። እኔ የመጀመሪያውን አድርጌ ገንዘቤንም ሦስት ሳምንቴንም በከንቱ አጥፍቻለሁ፤ ሁለተኛውን ለማድረግም አንድ ሐሙስ ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ጌሙን እርስዎ ያውቁታል። ክፍሏን ለማያውቁ አባላት ብቻ ነገሩን ባጭሩ ልግለጸው። ካፒቴን ቪሪዲያን በጠፈር መርከቡ ላይ በደረሰው አደጋ የተበታተኑትን ባልደረቦቹን የሚፈልግ ሰው ነው፤ መዝለል ግን አይችልም። ያለችው አንዲት ቁልፍ የስበትን አቅጣጫ ትገለብጣለች፤ እግሩ ወለል ወይም ጣሪያ እስኪነካ ድረስም ዳግመኛ መገልበጥ አይቻልም። ጠያቂያችን የተያዙባት ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ግድግዳ ቆማለች፤ ከማዶዋ በጌሙ ውስጥ ከተደበቁት 20 ጌጦች አንዷ ታብረቀርቃለች። በሌላ ጌም ማንም ጀማሪ ዘሎ የሚያልፋትን ይህችን ግድግዳ ለመሻገር ስበቱን ገልብጦ፣ እሾህ በታጠሩ በርካታ ክፍሎች ውስጥ ወደ ላይ መውደቅ፣ ጫፍ ሲደርሱ እንደገና ገልብጦ በዚያው መንገድ ወደ ታች መመለስና በመጨረሻ ከግድግዳዋ ማዶ ማረፍ ያስፈልጋል። በመንገዱ ላይ ማረፊያ የለም፤ ሲወጡም ሆነ ሲመለሱ አንድ እሾህ ከነኩ ከሥር ይጀምራሉ። ጌጧን ሳያነሱም ጌሙን መጨረስ ይቻላል፤ እኔ ግን እንደ እርስዎ ሁሉ አይቻት ማለፍ አልቻልሁም። ቴሪ ካቫናግ እ.ኤ.አ. በ2010 ካወጣው ከዚህ ጌም ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወዳትም ይህችን ክፍል ነው፤ «መዝለል የለም» የምትል አንዲት ሕግ ምን ያህል ርቃ እንደምትሄድ እንደ እርሷ ያሳየኝ ሌላ ቦታ የለም።

አሁን ወደ ምክሩ ልግባ።

1. የቴሌቪዥንዎን ሴቲንግ ከፍተው «ጌም ሞድ» የሚለውን ያብሩት። በቴሌቪዥን ይጫወቱ እንደሆነ አልጻፉም፤ ነገር ግን «ዘግይቶ ይገለበጣል» ያሉት እኔ ራሴ ያኔ ለጓደኛዬ የነገርሁት ቃል ስለሆነ፣ በቴሌቪዥን እንደሚጫወቱ አልጠራጠርም። የዛሬ ቴሌቪዥኖች እያንዳንዱን ምስል ከማሳየታቸው በፊት ይሠሩታል፤ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳሉ፣ ጠርዙን ያጎላሉ፣ ቀለሙን ያደምቃሉ። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይጎዳውም፤ ድምፁም አብሮ ስለሚዘገይ መዘግየቱ አይታወቅም። ለተጫዋች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጌም ሞድ ይህን ሥራ የሚቀንሰውም ለዚህ ነው። ይህ ጌም በሰከንድ 30 ገደማ እርምጃዎችን ያሰላል፤ አንዱ እርምጃ 34 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ቴሌቪዥኑ 100 ሚሊሰከንድ ከዘገየ፣ በስክሪኑ ላይ የሚያዩት ካፒቴን ከሦስት እርምጃ በፊት የነበረው ነው፤ እውነተኛው ካፒቴን እሾሁ ላይ ከደረሰ በኋላ እርስዎ ገና መንገድ ያለው ይመስልዎታል። በሌሎቹ ክፍሎች ይህን ሳያውቁት ይለማመዱታል፤ ሰውነት ራሱ ቀድሞ መጫንን ይማራል። በዚህች ረዥም መውጫ ላይ ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚደረገው መታጠፍ ስለሚደራረብ ስሕተቱም አብሮ ይደራረባል።

እኔ ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ መጀመሪያ እጄን ወቀስሁ፤ ቀጥሎ ኮንትሮለሩን ወቀስሁ፤ ቴሌቪዥኑን መውቀስ ግን በሐሳቤም አልመጣም፤ ምስሉ እጅግ ያማረ ነበርና። ስለዚህ «ፈጣን ምላሽ» ተብሎ የተዋወቀ ገመድ አልባ ኮንትሮለር በኢንተርኔት አዘዝሁ። በደረሰኝ ምሽት እንደ ቀድሞው በዚያው እሾህ ላይ ሞትሁ፤ በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዕቃውን መመለስ እንደምፈልግ ለሻጩ የደንበኞች አገልግሎት በትሕትና ጻፍሁ። መመለስ የሚፈቀደው በ14 ቀን ውስጥ ነበር። መልሳቸው የመጣው በ15ኛው ቀን ነው፤ ሰላምታ እንኳ የለውም፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «የመመለሻው ጊዜ አልፏል። ዕቃው ይሠራል። ችግሩ የተጫዋቹ ነው።» የጻፍሁት በሦስተኛው ቀን መሆኑን ከማስረጃ ጋር አያይዤ እንደገና ላክሁላቸው፤ እነዚያኑ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች መልሰው ላኩልኝ። ያ መልእክት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አምኜው ነበር። ለስምንት ቀናት ጌሙን አልከፈትሁም። እርስዎም «ዕድሜዬ አልፏል» ብለው ሲጽፉ ሳነብ ያች ሳምንት ናት ትዝ ያለችኝ፤ ይህን ያህል ረዥም መልስ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ በአጋጣሚ ነው። ጓደኛዬ የማይጠቀምበትን አሮጌ የኮምፒውተር ሞኒተር አውሶኝ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን ቤተሰብ ይዞት ስለነበር ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ጌሙን በእርሱ ከፈትሁት። በአንድ ሰዓት ውስጥ በሦስት ሳምንት ያልደረስሁበት ከፍታ ደረስሁ። እጄ ያው እጅ ነው፤ ኮንትሮለሩም ያው ነው።

ነገሩን በግምት መተው ስላልፈለግሁ ለካሁት፤ እርስዎም በዚህ መንገድ እንዲለኩት እፈልጋለሁ። የስልኬ ካሜራ በዝግታ ሲቀርጽ በሰከንድ 240 ምስል ያነሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል 4 ሚሊሰከንድ ከጥቂት ያህል ነው። ስልኩን መጻሕፍት ደርድሬ አስደግፌ፣ አውራ ጣቴና የቴሌቪዥኑ ስክሪን አብረው እንዲታዩ አድርጌ፣ ካፒቴኑ ወለል ላይ ቆሞ ሳለ ቁልፉን ተጫንሁ። ከዚያ ቪዲዮውን አንድ በአንድ እያራመድሁ ተመለከትሁት። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ ጥፍሬ ነጣ ይላል፤ ከዚያ ቁልፉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካፒቴኑ ግን አሁንም ቆሟል። አምስት ምስል፣ አሥር ምስል፣ ሃያ ምስል፤ አሁንም አልተነቃነቀም። በ31ኛው ላይ እግሩ ከወለሉ ተነሣ። ወደ 130 ሚሊሰከንድ መሆኑ ነው። ጌም ሞድን አብርቼ ደግሜ ስቀርጸው በ13ኛው ምስል ተነሣ፤ 54 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ይህን ሳይ የተሰማኝን እፎይታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

2. ምስሉን ስክሪኑን እስኪሞላ አይለጥጡት። ጌሙ የተሣለው በ320 በ240 ፒክስል፣ ማለትም ጥቃቅን የምስል ነጥቦች፣ ነው። 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ በአራት እጥፍ ሲጎላ 1280 በ960 ይሆናል፤ ከላይና ከታች 60 መስመር ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ እርሱ አያስጨንቅዎ። ቁመቱን ሙሉ ለመሙላት ግን 4.5 እጥፍ ማጉላት ያስፈልጋል፤ ግማሽ ፒክስል ደግሞ የሚባል ነገር ስለሌለ አንዱ ነጥብ አራት መስመር፣ ሌላው አምስት መስመር ይይዛል፤ አለዚያም ሁሉም ይደበዝዛል። የእሾሁ ጫፍ የት እንደሚያልቅ በትክክል ማየት የሚያስፈልገው ሰው ይህን መታገሥ የለበትም። በጌሙ የምስል ሴቲንግ ውስጥ በሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያጎላውን ምርጫ ይውሰዱ። ቅጂዎ የቆየ ከሆነም ያድሱት። የመጀመሪያው ፍላሽ በተባለው የቆየ ሶፍትዌር የተሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና ተጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ደግሞ ለአሥረኛ ዓመቱ ኮዱ ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ቅጂዎች እንቅስቃሴውን በሰከንድ ከ30 በላይ ምስል የሚያሳይ ምርጫም አላቸው።

3. በኮንትሮለሩ ላይ በአውራ ጣት በሚገፋው ዱላ ሳይሆን በአቅጣጫ ቁልፎቹ ይጫወቱ፤ ገመድ ያለው ኪቦርድ ካለዎት ደግሞ እርሱ ይሻላል።

4. ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ መለማመድ ነውር አይደለም። ጌሙ ራሱ ፍጥነቱን ወደ 80፣ ወደ 60 ወይም ወደ 40 በመቶ ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ አለው። እኔ መጀመሪያ ይህን እንደ ማጭበርበር ቆጥሬው አልነካውም ብዬ ነበር፤ ያም ኩራት ብዙ ምሽቶችን አስከፍሎኛል። ቴሌቪዥኑን ካስተካከልሁ በኋላ ሁለት ምሽት በ60 በመቶ ብቻ ተጫወትሁ። መንገዱን ጮክ ብዬ «ግራ፣ ቀኝ፣ ረዥም ግራ፣ ልቀቅ» እያልሁ እንደ ቅኔ ተማሪ አወጣሁ አወረድሁ፤ ልጄም ከሌላው ክፍል ሆና ሸመደደችው። ከዚያ ወደ 80 ከፍ አደረግሁ፤ በመጨረሻም ወደ ሙሉው ተመለስሁ። ዓይኔን ከካፒቴኑ ላይ አንሥቼ ቀጥሎ በሚመጣው ክፍተት ላይ መትከልን የተማርሁት በዝግታው ጊዜ ነው። ሌላው የተማርሁት ደግሞ ካፒቴኑ ቁልፉን ሲለቁለት ወዲያው እንደማይቆም ነው፤ ጥቂት ይንሸራተታል፤ ስለዚህ መልቀቅ ያለብዎት ከእሾሁ አጠገብ ሲደርስ ሳይሆን ጥቂት ቀደም ብለው ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ ያስቆጨኝን ስሕተት ልንገርዎት፤ ቁጥር ልሰጠውም አልፈልግም፤ ብቻውን ይቁም። ሁሉንም ነገር አስተካክዬ እለማመድ የነበረው መውጣቱን ብቻ ነበር። መመለሱ ያው መንገድ ስለሆነ ራሱ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ሲመለሱ ክፍሎቹ የሚመጡት ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ መታጠፉም ሁሉ ይገለበጣል፤ በቃሌ የያዝሁት ዜማ ምንም አልረዳኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፍ ደርሼ በተመለስሁበት ምሽት ደግሞ እንደ ተአምር ሁሉንም ክፍሎች አልፌ የመጨረሻዋ ክፍል ውስጥ ስገባ፣ ልቤ እየዘለለ ስለነበር ቀጥ ብዬ ወደ ታች ወረድሁ። ያረፍሁት ከግድግዳዋ በዚህ በኩል፣ ከተነሣሁበት ቦታ ላይ ነው። ጌጧ በማዶ ታብረቀርቃለች፤ እኔ ከጅምሩ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። ኮንትሮለሩን ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሄጄ ተኛሁ። ስለዚህ በ60 በመቶ ሲለማመዱ የመመለሻውን ጉዞ ለብቻው ያጥኑት፤ ወደ መጨረሻዋ ክፍል ሲገቡም ግድግዳዋን ለመሻገር ወደ ጎን መግፋትን አስቀድመው እጅዎን ያስለምዱት።

በማግስቱ በአሥራ አንደኛው ሙከራ፣ በሙሉ ፍጥነት፣ ምንም እገዛ ሳልከፍት ጌጧን አነሣኋት። 46 ዓመቴ ነው። ጌሙን ስጨርስ ከሁሉ የከበደኝን ክፍልና በእርሷ ውስጥ የሞትሁትን ብዛት አሳየኝ፤ ከዚያው መውጫ አንዷ ክፍል ናት፤ ቁጥሩም 714 ነው። ቴሌቪዥኑን ካስተካከልሁበት ቀን ጀምሮ ግን በመላው መውጫ ላይ ስንት ጊዜ እንደሞትሁ በወረቀት ላይ ጭረት እያደረግሁ ቆጥሬ ነበር፤ 86 ብቻ ነው። ወረቀቱን ከሻጩ መልእክት ጋር በአንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ስለዚህ የዛሬውን ምሽት ከጌሙ ጋር ሳይሆን ከስልክዎ ካሜራ ጋር ያሳልፉት። ጌም ሞድ ጠፍቶ አንድ ጊዜ፣ በርቶ አንድ ጊዜ ይቅረጹና ከጣትዎ መጫን እስከ ካፒቴኑ መነሣት ያሉትን ምስሎች ቆጥረው ሁለቱንም ቁጥሮች፣ ስልክዎ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያነሣም ጨምረው እዚሁ ይጻፉልኝ። ኮንትሮለሩን አዝዘው ከሆነ ደግሞ የመመለሻ ቀኑን አሁኑኑ ይመልከቱ፤ የሚልኩትንም ደብዳቤ ቀኑ የሚታይበትን ቅጂ ያስቀሩ።