እጅ ሲርስ የሚያብድ ስልክ

ጥያቄው የመጣው ጣና ዳር አሳ ከሚነግዱ አንዲት እናት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጠዋት ጠዋት ከአስጋሪዎች ቀረሶና አምባዛ እረከባለሁ። ስንት ኪሎ እንደገባና ዋጋውን ለምግብ ቤት ደንበኞቼ በቴሌግራም የምጽፈው እዚያው ውኃው ዳር ቆሜ ነው። እጄ ሲርስ ስልኬ ያብዳል። ሳልነካው ይጽፋል፣ የነካሁትን አይሰማም፣ አንድ ቀን እንዲያውም ራሱ ሰው ጋ ደወለ። ማታ ቻርጅ ላይ ሲሆንም እንዲሁ ያደርገዋል። ስክሪኑ ዓምና ተቀይሯል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ባለ ቁልፍ ብላክቤሪ ኪይ ቱ ልላክልሽ ይለኛል፤ ልጄ ደግሞ ትንሿን በተን ስልክ ግዢና ተገላገይ ትላለች። የቱ ይሻለኛል?»

እናቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እጅዎ ላይ ያለው ስልክ ምን እንደሆነ እንወቅ። እርስዎ አንድ ችግር አድርገው የጻፉልኝ ለእኔ ሁለት ነው፤ ሦስትም ሊሆን ይችላል።

ታች ስክሪን፣ ማለትም በጣት ንክኪ የሚሠራው ማያ፣ ግፊት አይሰማም። ይህን ብዙ ደንበኛ አያምነኝም፤ ስልኩ እምቢ ሲለው ጥፍሩ እስኪነጣ ድረስ ይጫነዋል። ከመስታወቱ ሥር በዓይን የማይታይ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ መረብ አለ። ስልኩ በዚያ መረብ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለካዋል። የሰው ገላ ውኃና ጨው ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ጣትዎ ሲጠጋ ልኬቱ ይዛባል፣ ስልኩም «እዚህ ጋ ተነካሁ» ብሎ ይመዘግባል። በጥፍር ጫፍ ሲነኩት ዝም የሚለውም፣ በወፍራም ጓንት የማይሠራውም ለዚህ ነው። ውኃም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከእጅ ጋር ሲያያዝ ለስልኩ ጣት መስሎ ይታየዋል።

እኔ ጋ ሥራ ለሚለማመደው ልጅ ይህን በቃል ነግሬው ስላልገባው ጠረጴዛዬ ላይ አሳየሁት። ስልኩን ጣት ባረፈበት ቦታ ሁሉ የመስቀል መስመር እንዲያሳይ አደረግኩና በጠርሙስ ክዳን አንዲት ጠብታ ውኃ መሃሉ ላይ አኖርኩ። ምንም የለም። ልጁ «ታዲያ?» አለኝ። የጠብታዋን ጫፍ በጣቴ ነካ ሳደርጋት መስመሩ ከጣቴ ሥር ተነሥቶ ዘለለና የጠብታዋ መሃል ላይ ቆመ። ጣቴን ጎተት ሳደርግ ውኃው ተከተለኝ፤ አንዱ ጣት ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሆኖ ተመዘገበ። በጨርቅ ጠረግኩት፣ ሁሉም ጠፋ። እርስዎ «ሳልነካው ይጽፋል» ያሉት ይኸው ነው። ብቻዋን የተቀመጠች ጠብታ ብዙም አትጎዳም፤ ችግሩ የሚመጣው ጠብታዋ ከእጅዎ ጋር ስትያያዝ ነው። የአሳ ልጋግ ሲጨመርበት ደግሞ ውኃው ቶሎ አይንጠባጠብም፣ መስታወቱ ላይ እንደ ቀለም ይለጠፋል።

ያንን መስመር እርስዎም ማውጣት ይችላሉ፤ ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ ልጅዎ ታግዝዎ። ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ይግቡ፣ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ይንኩ። በአንዳንድ ስልክ «ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» በሚል ገጽ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚገኘው። ከዚያ «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» የሚል አዲስ መዝገብ ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ «ፖይንተር ሎኬሽን» የሚለውን ያብሩ። ሌላውን ምንም አይንኩ፤ እዚያ መዝገብ ውስጥ እየገባ ስልኩን አበላሽቶ የሚመጣልኝ ብዙ ነው።

አሁን እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ስልኩን ከቻርጅ ነቅለው፣ ስክሪኑን ጠርገው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩትና ሳይነኩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይዩት። በየመሃሉ ማያው እንዳይጠፋ የሚጠፋበትን ጊዜ አስቀድመው ያርዝሙት። መስመር በራሱ ካልወጣ ስክሪኑ ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከወጣ፣ በተለይ ሁልጊዜ በአንድ ጠርዝ ወይም በአንድ ሰቅ ላይ ብቻ ከወጣ፣ ዓምና የተቀየረው ስክሪን ወይም እሱን ከስልኩ ዋና የኤሌክትሪክ ሰሌዳ የሚያገናኘው ሪባን የሚባል ጠፍጣፋ ገመድ ነው የታመመው። ኮፒ ስክሪን ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ርካሹ ላይ ግን ልኬቱን የሚሠራው ክፍል ደካማ ስለሚሆን ከእርጥበትም ከሌላ ረብሻም ጋር ቶሎ ይጣላል። በዚያው ስልኩን ጠፍጣፋ ነገር ላይ በጀርባው ያስተኙት። ቢወዛወዝ፣ ወይም ስክሪኑ ከፍሬሙ ትንሽ ተነሥቶ ከታየ ባትሪው አብጦ ከሥር እየገፋ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቻርጅ ማድረጉን ዛሬውኑ ያቁሙና ለባለሙያ ያሳዩት። በእጅ ተጭኖ ወደ ቦታው መመለስ አደገኛ ነው።

ቀጥሎ በደረቅ እጅ ቻርጀሩን ሰክተው እንደገና ይዩት። «ማታ ቻርጅ ላይ ሲሆንም ያብዳል» ያሉት ነገር ገና ሳነበው ነው ያስጠረጠረኝ፣ ምክንያቱም ማታ ቤትዎ አሳ የለም፣ ውኃም የለም። ርካሽ ቻርጀር ከግድግዳው የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ በደንብ ሳያጣራ ወደ ስልኩ ያሳልፋል፤ ስክሪኑ ደግሞ የሚለካው እጅግ ትንሽ ነገር ስለሆነ ረብሻውን ከጣት መለየት ያቅተዋል። መስመሩ ቻርጀሩ ሲሰካ ጀምሮ ሲነቀል ካቆመ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ለማረጋገጥ በፓወርባንክ ቻርጅ ያድርጉት፤ በፓወርባንክ ዝም ካለ ስክሪኑን አይቀይሩ፣ ቻርጀሩን ይቀይሩ።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የባጃጅ ሹፌር እንዲሁ ያለ ስልክ ይዞ መጣ። ሳልጠይቅ ሳልመረምር ስክሪን ቀየርኩለት፣ አስከፈልኩት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ያው እብደት ነው። ሁለተኛውንም ከቀየርኩ በኋላ ነው «ቻርጀርህን እስኪ አምጣው» ያልኩት። የሁለተኛው ስክሪን ዋጋ ከኪሴ ወጣ።

አሁን ወደ ወንድምዎ ብላክቤሪ እንሂድ። ወንድምዎ በቅንነት ነው የሚሉት፣ ስልኩም በዘመኑ ምርጥ ነበር። ነገር ግን ኪይ ቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፣ አንድሮይድ 8.1 ላይ ቀርቷል። ጊዜ ሲገፋ የባንኩም የመልእክቱም መተግበሪያ አንድ በአንድ «ስልክህ አርጅቷል» ማለቱ አይቀርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁልፍ አለው ማለት ታች የለውም ማለት አይደለም። ከቁልፎቹ በላይ ያለው ማያ እንደ እርስዎ ስልክ ያለ ታች ነው፤ ቴሌግራምን የሚከፍቱት፣ ደንበኛውን የሚመርጡት በእሱ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ ቁልፎቹ ራሳቸው ገጽ ለማንሸራተት እንዲያገለግሉ ተብሎ ንክኪ እንዲሰሙ ሆነው ነው የተሠሩት። ውኃ እንዳይገባው ተብሎ የተዘጋ ስልክም አይደለም። ስክሪኑ ቢሰበር እኔ ጋ መለዋወጫ የለም።

ከዚያ የአማርኛው ጉዳይ አለ። የዚያ ስልክ ቁልፎች ላይ የታተመው የላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ይህን ሁሉ ለየብቻው ቁልፍ ላይ ማተም አይቻልም፤ ለዚህም ነው በድሮው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ብዙው ፊደል በቁራጭ ምልክት እየተገጣጠመ ይጻፍ የነበረው። ታች ስክሪን ላይ ግን የፊደል ገበታው ሥዕል ነው። «ለ»ን ሲነኩ እዚያው ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ ይዘረዘርልዎታል፤ ሥዕል ስለሆነ እንደፈለገ ይለዋወጣል። ለአማርኛ ጸሐፊ ታች ከቁልፍ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ልጅዎ ያለችው ግን ግማሽ እውነት አላት። በተን ስልክ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጉልላት የመሰለች ስስ ብረት አለች፤ ሲጫኗት ጠቅ ብላ ትሰረጉድና ሰሌዳው ላይ ያለውን መስመር ታገናኛለች። እሷ የምትሰማው ግፊት ብቻ ነው፤ ጠብታ አትጫናትም፣ እርጥብ እጅም ደረቅ እጅም ለእሷ እኩል ነው። ደግሞ 5 ቁጥር ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፤ ጀልባ ላይ በጨለማ ያለ ሰው ሳያይ በእጁ ዳስሶ ይደውላል። ያም ሆኖ በተንም አይሞትም አይባልም። አንድ ባለ ጀልባ ከዘጌ ያመጣልኝ ስልክ 5 ቁጥሩ አልሠራ ብሎ ከፈትኩት፤ ከቁልፉ ሥር የአሳ ቅርፊት ተሰንቅሮ፣ ዙሪያው አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጽድቼ ቅርፊቱን በካርቶን ላይ አሳየሁት። ሳቀና «ቀረሶ ነው» አለኝ፤ በአንዲት ቅርፊት እንዴት እንዳወቀ አሁንም ይገርመኛል።

ስለዚህ ትንሿን በተን ለመደወያ ብቻ ይግዙ፣ ውኃ ዳር የሚይዙት እሷን ይሁን። ሲም ሁለት ካለዎት አንዱን እዚያ ያድርጉት። አማርኛ በኤስኤምኤስ ልጽፍባት ካሉ ግን አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ መሆኑን ይወቁ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ነው። ረዘም ያለ ዋጋ ዝርዝር እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይቆጠራል።

ቴሌግራሙ በታች ስልክዎ ይቀጥል። ስልኩን ስስና ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተው አፉን ያስሩት፤ ስክሪኑ በስስ ፕላስቲክ ውስጥ አሳልፎ ጣትን ይሰማል። ውኃ ከላይ ቢፈስበት በአንድ ጠረግታ ይነሣል፣ ቢያንስ ልጋጉ ቻርጅ መሰኪያው ውስጥ አይገባም። ደረቅ ጨርቅ በትከሻዎ ላይ ይኑር። ጣትዎ ቢርስ የጣትዎን አንጓ ይጠቀሙ፤ አንጓው ከጫፉ ይልቅ ደረቅ ነው። «ተች ሴንሲቲቪቲ» የሚል ማብሪያ አግኝተው ከሆነ ያጥፉት፤ እሱ ለጓንትና ለወፍራም ፕሮቴክተር የተሠራ ነው፣ ለእርጥብ እጅ ያባብሰዋል።

ከሁሉ የሚሻልዎት ግን አለመጻፍ ነው። ጂቦርድ የሚባለው ገበታ ላይ አማርኛን ካስገቡ የማይክሮፎን ምልክት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። ኢንተርኔት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነክተው «ቀረሶ 12 ኪሎ ገብቷል» ሲሉት ይጽፍልዎታል፤ ቁጥሩን ግን ሳያዩ አይላኩ። የሞተር ጀልባ አጠገብዎ ሲነሣ ደግሞ የሆነ ያልሆነውን ይጽፋልና ጀልባው እስኪርቅ ይጠብቁት።

ስልኩ ውኃ ውስጥ ቢወድቅብዎ ይደርቃል ብለው ሩዝ ውስጥ አይቅበሩት፤ የፎገራን ሩዝ ለወጥ ያቆዩት። ሩዝ ከውስጥ ያለውን ውኃ አይስብም፤ አቧራውና ዱቄቱ መሰኪያው ውስጥ ይገባና እኔ በመርፌ ስለቅም እውላለሁ። አጥፍተው፣ ሳይሰኩ፣ በዚያው ቀን ያምጡት።

ምርመራው ስክሪኑ ነው ካለም ከመምጣትዎ በፊት የደንበኞችዎን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ይገልብጡ። ስክሪኑ ጨርሶ እምቢ ካለ ኦቲጂ የሚባለውን አጭር ገመድና የኮምፒውተር ማውስ ይዋሱ፤ ብዙ ስልክ ማውሱ ሲሰካበት ቀስት ያወጣል፣ ማያውን ሳይነኩ ሁሉንም በቀስቱ ከፍተው ይገለብጣሉ።