ሕጉን ማን ጠየቀው?

ውድ ልጆቼ፣

የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬን የሌላ ሰው ደረሰኝ ስደምር ነው የኖርኩት። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያለ ታክሲ ነጂ፣ ባለ ሬስቶራንት፣ ሹሩባ ሠሪ፣ ግብር ሲደርስ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ እኔ ይመጣል። ፌስታሉን ስገለብጠው የሚወጣው የነዳጅና የሽንኩርት ደረሰኝ ብቻ አይደለም። የፈቃድ ክፍያ፣ የእድሳት ክፍያ፣ የቅጣት ደብዳቤ፣ የኢንስፔክሽን ወረቀት አለበት። አንዳንዱን ሰው ከሥራው ይልቅ የሥራው ፈቃድ ነው ያስረጀው።

አሁን ደግሞ ልጆቻቸው ትመጣላችሁ። "ምን ልክፈት? ምን ልግዛ?" ትሉኛላችሁ። ስለ ብድርም ስለ ግብርም የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ስለ አንድ ሥራ የወጣ ሕግ ስታነቡ መግቢያው ላይ "ሕዝብን ለመጠበቅ" የሚል አይጠፋም። እሱን እለፉትና ማን እንደጠየቀው ፈልጉ። ደንበኛው ነው? ወይስ እዚያው ሥራ ላይ ቀድሞ የተቀመጠ ሰው?

ከራሴ ሙያ ልጀምር። (የአሜሪካውን ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በዓ.ም. ነው የምጽፈው።) እዚህ አገር በክፍያ የሌላ ሰው ግብር ለመሙላት በፌዴራል ደረጃ የሙያ ፈቃድ አያስፈልግም። ከአይአርኤስ፣ ማለትም ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ መለያ ቁጥር ማውጣት ይበቃል። በ2011 አይአርኤስ ይህን ለመቀየር ተነሳ። ቅጽ የሚሞሉ ሰዎች ፈተና ይለፉ፣ በየዓመቱ ትምህርት ይውሰዱ፣ ይክፈሉም አለ። እንደ እኔ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ) የሆነ ሰውና ጠበቃ ነፃ ነበርን። ከትልልቆቹ የግብር ኩባንያዎች ደንቡን በይፋ የደገፉ ነበሩ። ለምን አይደግፉ? ለእነሱ ያ ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በየሰፈሩ ግን ጥር ሲመጣ ኩሽናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሻይ እየቀዳች፣ በአማርኛና በትግርኛ እያስረዳች ለዘመድ ለጎረቤት ቅጽ የምትሞላ ሴት አለች። ደንቡ የሚዘጋው የእሷን ኩሽና ነበር።

በግላቸው ቅጽ የሚሞሉ ሦስት ሰዎች ከሰሱ። በጥር 2013 ዳኛው "አይአርኤስ እንዲህ የማድረግ ሥልጣን በሕግ አልተሰጠውም" አሉ። በ2014 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ያች ሴት አትሳሳትም አልልም። ሲፒኤ የሞላውን የተበላሸ ቅጽም ስንቴ አስተካክያለሁ። ደንቡ ቢጸና ኖሮ የእሷ ደንበኞች ወደ እኔ ነበር የሚመጡት። ያስጠረጠረኝም ይኸው ነው።

እንግዲህ የነፃ ገበያ ሰው ነኝ። በዚህ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር አንስማማም፤ ቡና ላይ እንጨቃጨቃለን። ሐሳቡን ከአሜሪካ አልተማርኩትም። የደርግን ጊዜ ያየ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል ነበር። ለገበሬው ኮታ ይጥላል፤ ዋጋውንም ራሱ ይቆርጣል። ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነው። ማሳው ያልሰጠው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ልብ በሉ፣ ገበሬ ነው እህል ገዝቶ የሚያስረክበው! እህል ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እንዳያልፍ ኬላ ነበር። ከተረፈበት ወደ ጠፋበት ጭኖ የሚሄደው ነጋዴ ስሙ "አሻጥረኛ" ነው። ሀብትም ጣሪያ ነበረው፤ አንድ ሰው በኢንዱስትሪ ከ500 ሺህ ብር በላይ ካፒታል ሊኖረው አይችልም ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታውም ኬላውም ተነሳ። አሻጥረኛው በአንድ ሌሊት ነጋዴ ሆነ። ሰውየው ግን ያው ነው።

"እሱ ደርግ ነው፤ አሜሪካን ምን አገናኘው?" ትሉ ይሆናል። ዴንቨርን ላሳያችሁ። ዴንቨር ከ1947 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ አንድም አዲስ የታክሲ ኩባንያ አልተፈቀደባትም ነበር። መክፈት የፈለገ ሰው ያሉት ኩባንያዎች በቂ አለመሆናቸውን ማስረዳት ነበረበት። ያሉትም ኩባንያዎች ጠበቃ ቀጥረው ቀርበው መቃወም ይችላሉ። ዳቦ ቤት ልትከፍት ስትል ሰፈሩ ውስጥ ያለው ዳቦ ቤት ይፍቀድልህ እንደማለት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አራት ሹፌሮች አመለከቱ። አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው። ልምዱ አላቸው፤ የሚነዳም ሰው አላቸው። ተከለከሉ። ከሰሱ፣ ደጅ ጠኑ፣ ጋዜጣ ላይ ወጡ። በመጨረሻ የኮሎራዶ ሕግ ላላ፤ በ1995 ፍሪደም ካብስ ብለው ሥራ ጀመሩ። ፍሪደም ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

የዲሲው ደግሞ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል፣ የበለጠም ያማል። ኡበር እዚህ የገባው በ2011 መጨረሻ ነው። ያኔ በስልክ የሚጠራው ጥቁር ሴዳን ነበር። በሐምሌ 2012 ለከተማው ምክር ቤት አንድ ማሻሻያ ቀረበ፤ እነዚህ መኪኖች ከ15 ዶላር በታች እንዳያስከፍሉ የሚል። የታክሲ መነሻ ዋጋ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ምክንያቱን ሳይደብቁ ጻፉት፤ ሴዳኑ ከታክሲ ጋር በቀጥታ እንዳይወዳደርና ዋጋ እንዳይሰብር። እስቲ አስቡት። ደንበኛን ይጠብቃል የተባለ ሕግ ደንበኛውን በግድ አብዝቶ ሊያስከፍል ነው። ደንበኞቹ የምክር ቤቱን ኢሜይል አጥለቀለቁት። በቀናት ውስጥ ሐሳቡ ተነሳ።

ቤታችሁ ውስጥ ይህን ታሪክ በሌላ መልኩ ነው የምትሰሙት። አውቃለሁ። አባቶቻችሁ ታክሲ ነድተው ነው ያሳደጓችሁ፤ ኡበር እንጀራችንን ነካው ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ከተማው መኪናቸውን ቀይና ግራጫ አስቀብቷቸዋል። አዲስ ቆጣሪና የካርድ ማሽን አስገብቷቸዋል። ዋጋቸውን ቆርጦላቸዋል፤ መቀነስም መጨመርም አይችሉም ነበር። ከዚያ በስልክ የሚጠራው መጣና ከዚህ አብዛኛው አይመለከተውም ተባለ። ቅሬታቸው እውነት ነው። እኔ የምለየው መፍትሔው ላይ ነው። እኩል ማድረጊያ ሁለት መንገድ አለ። ወይ አዲስ የመጣውን እንደ አሮጌው ማሰር፣ ወይ አሮጌውን መፍታት። ስብሰባው ላይ "እነሱንም እሰሩልን" የሚል ብዙ ነው። "እኛንም ፍቱን" የሚል እምብዛም አይሰማም። ለምን ዋጋዬን ራሴ አልቆርጥም ማለት ሲገባን፣ ለምን እሱ ይቆርጣል አልን።

አሁን ወደ "ምን ልግዛ" ልምጣ። ኒው ዮርክ ታክሲ ለመንዳት ሜዳሊየን የሚባል ነገር ያስፈልጋል፤ መኪናው ኮፈን ላይ የሚለጠፍ ቆርቆሮ ነው። በ1937 በወጣ ሕግ ቁጥሩ ተወሰነ። መጀመሪያ 10 ዶላር ነበር። ከተማው አደገ፣ ሰው በዛ፤ ሜዳሊየኑ ግን ለአሥርተ ዓመታት ከ14 ሺህ አላለፈም። ዋጋው በ2014 አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ። ልብ በሉ፣ ይሄ የመኪናው ዋጋ አይደለም። ሌላው ሰው እንዳይነዳ የመከልከሉ ዋጋ ነው። ከተማው ራሱ በጨረታ ይሸጠው፣ አስተማማኝ ሀብት ነው እያለም ያስተዋውቀው ነበር። ብዙው ገዢ ስደተኛ ነው። ቤቱን አስይዞ ተበደረ። በስልክ የሚጠራው መኪና ሲመጣ ያ ቆርቆሮ ከ200 ሺህ በታች ወረደ፤ ዕዳው ግን እዚያው ነው። በ2018 ራሳቸውን ያጠፉ ሹፌሮች ነበሩ። በ2021 የረሃብ አድማ ተደርጎ ነው ከተማው ዕዳው እንዲቀነስላቸው የተስማማው።

በ2011 ዲሲም ሜዳሊየን ለማምጣት ረቂቅ ቀርቦ ነበር። የኛ ሰዎች ሆ ብለው ወጥተው ተቃወሙት፤ ሳያልፍ ቀረ። ያን ጊዜ ቢያልፍ ኖሮ ስንቱ ቤቱን አስይዞ ይገዛው እንደነበር ሳስበው ይዘገንነኛል። የዚያኔ ሽማግሌዎች ውለታ አለባችሁ።

ስለዚህ አንድ ሰው ሥራ ልሽጥልህ ብሎ ሲመጣ ወረቀቶቹን ለዩ። የሚሸጥላችሁ ነገር ደንበኛ ነው? ዕቃ ነው? መልካም ስም ነው? ወይስ ሌላ ሰው ስለተከለከለ ብቻ ዋጋ ያለው ፈቃድ? የመጨረሻው ከሆነ ዋጋውን የያዘው መንግሥት ነው። ሐሳቡን በቀየረ ቀን ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ።

ሹሩባ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ይህን ስሙ። እዚሁ ዲሲ ውስጥ ሹሩባ ብቻ የሚሠሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ከተማው የኮስሞቶሎጂ (የውበት ሥራ) ፈቃድ የላችሁም ብሎ ቀጣቸው። ፈቃዱ ያኔ 1,500 ሰዓት ትምህርት ቤት መቀመጥ ይጠይቅ ነበር። እዚያ የሚማሩት ቀለም መቀባት፣ በኬሚካል ፀጉር ማለስለስ ነበር፤ ሹሩባ አያስተምሩም ነበር! እናት ለልጇ በር ላይ ቁጭ ብላ የምትሠራውን ነገር። በ1991 ከሰሱ፤ በ1992 ከተማው ሕጉን ቀየረ። ዛሬ በሰላም የምትሠሩት እነሱ ተሟግተው ነው።

በ1976 ኖቤል የተሸለመው ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማን እዚህ ላይ ጥሩ ልዩነት አስቀምጧል። አንደኛው ምዝገባ ነው፤ ስምህን አስመዝግበህ ትሠራለህ። ሁለተኛው የብቃት ማረጋገጫ ነው፤ የተፈተነ ሰው "ተፈትኛለሁ" ብሎ ይለጥፋል፣ ያልተፈተነውም መሥራት አይከለከልም፣ ደንበኛው ይመርጣል። ሦስተኛው ፈቃድ ነው፤ ከሌለህ ብትሠራ ወንጀል ነው። ሕግ አውጪዎች ቶሎ ብለው ሦስተኛው ላይ ይወጣሉ። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው በቂ ነበር። ፀጉሯን ማን እንደሚሠራት መምረጥ የማትችል አዋቂ ሴት አላውቅም። ካላማረባት ሌላ ቦታ ትሄዳለች፤ ለጓደኞቿም ትናገራለች። ያ ደግሞ ከኢንስፔክተር ይብሳል።

ፍሪድማን የሐኪም ፈቃድም ይቅር እስከማለት ሄዷል። እኔ እዚያ ድረስ አልከተለውም። ታሊዶማይድ የሚባል መድኃኒት አውሮፓ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ እንዲወለዱ አድርጓል። አሜሪካ በብዛት የተረፈችው ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሐኪም "ማስረጃው አልበቃኝም" ብላ ስላልፈረመች ነው። እናቶቹ ክኒኑን አይተው መለየት አይችሉም ነበር። የእኔ መለኪያ ይኸው ነው። ደንበኛው ማየት የማይችለው፣ ከሆነም በኋላ የማይመለስ ጉዳት ካለ ቁጥጥር ይኑር። የታክሲ ፍሬን ይፈተሽ፤ የሬስቶራንት የእሳት መውጫ በር አይቆለፍ። የታክሲ ዋጋ፣ የታክሲ ቁጥር፣ የታክሲ ቀለም ግን የፍሬን ጉዳይ አይደለም።

ቡና ላይ የሚጨቃጨቁኝ ጓደኞቼ "ኩባንያ ሲገንን ማን ያስቆመዋል?" ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኡበር ራሱ ዛሬ ከሹፌሩ የሚቆርጠው ያስለቅሳል። የሚያስቆመው ሌላ ተወዳዳሪ ነው። በ2009 ዴንቨር ላይ ሹፌሮች፣ ብዙዎቹ ከእኛው ቀጠና የመጡ፣ ዩኒየን ታክሲ የሚል የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ለኩባንያ የሚከፍሉትን ሳምንታዊ ኪራይ ለመሸሽ። እነሱንም ያስቸገራቸው ያው የድሮው በር ነው፤ ፈቃድ። ገናናውን ለመገዳደር የሚነሳው ትንሽ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ተቃዋሚ ገናናው ራሱ አይደለም፤ ቅጹ ነው።

በተግባር ምን አድርጉ ነው የምለው? ዲሲ ምክር ቤት ሕግ ላይ ከመወሰኑ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል። ማንም ተመዝግቦ መናገር ይችላል። ተገኝቼ አይቻለሁ፤ ወንበሩን የሚሞሉት ሥራው ውስጥ ያሉት ናቸው፣ ከነጠበቆቻቸው። ነገ ሥራውን ሊጀምር የነበረው ልጅ አይመጣም፤ እንደሚጎዳ እንኳ አያውቅም። አባቶቻችሁ እንግሊዝኛው እያስፈራቸው ቀርተዋል። እናንተ ያ ሰበብ የላችሁም። የሚመለከታችሁ ረቂቅ ሲኖር ተመዝገቡና ሂዱ። የምትሰጡት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ንግግራችሁን በጽሑፍ አዘጋጁ፤ ቅጂውንም ለምክር ቤቱ አስገቡ።