መልስ፦ ከሞምባሳ እስከ ላሙ በጀርባ ቦርሳ

ሰላም ወንድሜ። ከጓደኛህ ጋር የኬንያን ባሕር ዳርቻ በጀርባ ቦርሳ ለመዞር መቼ ይሻላል፣ ምንስ እንያዝ ብለሃል። ሚያዝያና ግንቦት ዝናቡ ከባድ ስለሆነ ተዉት። ጥርና የካቲት ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ ግን ቀላል አይደለም። ፌስታል ይዛችሁ እንዳትገቡ፣ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። የወባ መከላከያውን ሳትሄዱ ሐኪም አማክሩ።

ከሞምባሳ በስተ ደቡብ ባለው የዲያኒ ባሕር ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ ሩቅ ድረስ በእግር ይኬዳል። ጫማ ሳታደርጉ በፍጹም አትሞክሩት! ጓደኛዬ ባዶ እግሩን ገብቶ ጃርት የመሰለ ጥቁር የባሕር እንስሳ ረገጠ። እሾሁ ተረከዙ ውስጥ ተሰበረበት። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጥሬ ፓፓያ በቢላ ጫር ጫር አድርጎ ነጭ ወተቱን ቀባለት። ማታ በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ለቀምንለት።

የላሙን ደሴት ግን እንዳትዘሉ። የድሮው ከተማ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። መንገዱ በጣም ጠባብ ስለሆነ ዕቃ የሚጫነው በአህያ ነው። እኛ ለሁለት ቀን ብለን ገብተን አምስት ቀን ቆየን። ወደ ላሙ ስትሄዱ ከማሊንዲ ከተማ በመኪና ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ እዚያው ጠይቁ።

ለጋራ ወጪ የሚሆነውን ገንዘባችሁን ደግሞ አንድ ላይ አስቀምጡ። እኛን ከጭቅጭቅ ያዳነን እሱ ነው።