ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጥርስ ተነቅሎም ያልጠፋ የመንጋጋ እብጠት

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደብረ ሲና ነው። የ26 ዓመት ወንድሜ የታችኛው መንጋጋው በቀኝ በኩል ማበጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አያመውም። ጥርስ ተነቀለለት፣ አሞክሳሲሊንም ደጋግሞ ወሰደ፤ እብጠቱ ግን ጨመረ። ካንሰር ይሆን?

መልስ፦ ሳያም ለዓመታት ቀስ እያለ የሚያድግ የመንጋጋ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። በሳምንታት ውስጥ ቶሎ ካደገ ወይም የታችኛው ከንፈር ከደነዘዘ ግን አንድ ቀን አትቆዩ። ካንሰር ባይሆንም ዝም አይባልም። በዚህ ዕድሜና በዚህ ቦታ ቀድሞ የሚጠረጠረው አሜሎብላስቶማ የሚባለው፣ ጥርስ ከሚሠሩ ሴሎች የሚነሳ የመንጋጋ ዕጢ ነው። ይህ ዕጢ ወደ ሌላ አካል እምብዛም አይሰራጭም፤ አጥንቱን ግን እየበላ ይሄዳል።

እስኪታወቅ ድረስ እብጠቱ ላይ ያለ ሌላ ጥርስ አይነቀል። መጀመሪያ መላውን መንጋጋ የሚያሳየው ፓኖራማ ራጅ ይነሳ፤ ለአንድ ጥርስ የሚነሳው ትንሹ ራጅ የዕጢውን ዳር ቆርጦ ያስቀረዋል። አሜሎብላስቶማ ብዙ ጊዜ እንደ ሳሙና አረፋ ክፍል ክፍል ሆኖ ይታያል፤ የጥርስ ሥርም ይበላል። ሆኖም ሌሎች ዕጢዎችና ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶችም ይህንኑ መልክ ስለሚይዙ ራጅ ብቻውን አይፈርድም። ዕጢው የአጥንቱን ግድግዳ ሰብሮ መውጣቱን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው።

ቀጥሎ፣ ቢላ ከመነካቱ በፊት፣ እብጠቱ ውስጥ ያለው በወፍራም መርፌ ተስቦ ይታይ። ይህን መዝለል አደገኛ ነው። ደማቅ ደም በግፊት ከመጣ የደም ሥር ችግር ሊሆን ስለሚችል ናሙና መቁረጥም ጥርስ መንቀልም ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ነጭ፣ ወፍራም ነገር ከወጣ ኬራቶሲስት የሚባለው የመንጋጋ ከረጢት ይጠረጠራል። ቢጫ ፈሳሽ ግን ከተራ ከረጢትም ከአሜሎብላስቶማም ሊወጣ ስለሚችል አያዘናጋ።

የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ባዮፕሲ፣ ማለትም ናሙና ቆርጦ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው፤ በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል። ናሙናው ከተነቀለው ጥርስ ቁስል ላይ ከተወሰደ “ብግነት” የሚል ውጤት ብቻ ይመጣና ቤተሰቡ ይዘናጋል፤ ከውስጥ፣ ከዕጢው ግድግዳ ይወሰድ። ወዲያው ቢያንስ የመጠኑን 10 እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ይግባ፤ ውኃ ውስጥ ከተቀመጠ ይበላሻል። ራጁም ከናሙናው ጋር ይሂድ። አንዳንድ የአጥንት ዕጢዎች በማይክሮስኮፕ ስለሚመሳሰሉ የሚለያቸው በራጅ የሚታየው ጠርዛቸው ነው። ውጤቱ “ጃይንት ሴል” (ግዙፍ ሴል) ካለ የደም ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይመርመር፤ መነሻው ይህን ሆርሞን የሚያመነጨው የአንገት ዕጢ ሊሆን ይችላልና።

ቤተሰቡ ጸበል ከያዘ ይቀጥል፤ ምርመራው ግን አይቆይ። ደብረ ብርሃን ሄዳችሁ ወደ ፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ሪፈር አጽፉ። አሜሎብላስቶማ ከታከመ ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ራጁንና የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ወረቀቱን ቤት አስቀምጡ፤ በየክትትሉ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።